የድንጋይ ሽበት የሚበሉ የእሳት ራቶችና አባጨጓሬዎቻቸው

በተማሪዎች ማኅበር የሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር



የዛሬው ንግግራችን ማስታወቂያ በሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ፥ «የእሳት ራት ደግሞ ንግግር ይደረግለታል ወይ?» እያሉ የሳቁ ጓደኞች እንደ ነበሩ ሰምተናል። ሳቁ አላስቀየመንም። ስለ ኢኮኖሚ፥ ስለ ጤና ጥበቃና ስለ ሥነ ጽሑፍ ንግግር በሚደረግበት በዚህ አዳራሽ፥ ክንፉ ሲዘረጋ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ፍጥረት ለመናገር መነሣት ድፍረት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ፍጥረቱ የሚኖረው በሩቅ አገር አይደለም። በደብረ ብርሃን የድንጋይ አጥር ላይ፥ በአንኮበር ጥዶች ግንድ ላይ፥ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። ደግሞም በእርሱ ረገድ ገና ያልተሠራ ሥራ አለ። ይህም ሥራ ከውጭ አገር መጥቶ ሁለት ሳምንት ሰንብቶ በሚመለስ ሊቅ የሚሠራ አይደለም፤ እዚሁ የሚኖር ሰው የሚሠራው ነው። ለንግግር ያስነሣንም ይኸው ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለምንጠራ ከወዲሁ ልብ በሉልን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እንናገር። አባቶቻችን ይህን ፍጥረት «የእሳት ራት» ብለው ሲጠሩት የሰየሙት በኑሮው ሳይሆን በሞቱ ነው። ኖሮ ኖሮ ማታ ኩራዝ ሲያይ ገብቶ የእሳቱ ራት ይሆናልና። ቀን የት እንደሚውል፥ በልጅነቱም ምን እንደሚበላ ስሙ አይነግረንም። (በነገራችን ላይ፥ ከተማችን ስሟን ያገኘችው በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ ወርዶ ታየ በተባለው ብርሃን ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ለእሳት ራት የተመቸች አገር ናት ብለን ብንቀልድ ሽማግሌዎች ይቅር እንደሚሉን ተስፋ አለን።)

የደጋ ሰው የሚያውቀው ሌላ ስም ደግሞ አለ፤ ይኸውም ብል ነው። ባና ለብሶ በሚተኛ አገር ብል የቤት ጠላት ነው፤ ስለዚህ በግድግዳ ላይ ያረፈ የእሳት ራት የታየ እንደ ሆነ በጫማ መምታት የተለመደ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ይታወቅልን። አንደኛ፥ ሱፉን የሚበላው በክንፍ የሚበርረው ወላጅ አይደለም፤ ገና ክንፍ ያላወጣው እጭ ነው። ሁለተኛ፥ ዋናው የልብስ ብል ብርሃን ይሸሻል። በሳጥን ጥግና በታጠፈ ልብስ ውስጥ ይሽሎከለካል እንጂ አምፑል አይዞርም። እንግዲህ በአምፑሉ ዙሪያ ሲዞር አይታችሁ የገደላችሁት ባናችሁን የበላው አይደለም ማለት ነው። ፍርዱ በሌላው ላይ ወድቋል።

ዛሬ የምንናገርላቸው የእሳት ራቶች ሱፍ አይበሉም፤ ገብስም ጎመንም አይነኩም። ልጆቻቸው የሚመገቡት በድንጋይና በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚበቅለውን፥ የድንጋይ ሽበት ወይም የዛፍ ሽበት የሚባለውን፥ በትምህርት ቤት ላይከን ብለን የተማርነውን ነው። ከላይከኑ ጋር በቅርፊቱ ላይ እንደ አረንጓዴ ዱቄት የሚታየውን አልጌም ይበላሉ፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ከሁሉ የሚመርጡት ይህን አረንጓዴውን ነው።

ላይከን አንድ ፍጥረት አይደለም፤ ማኅበር ነው። ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፥ ውኃውን ይይዛል፤ በውስጡ የተሸሸገው አልጌ ደግሞ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያበስላል። ይህን ነገር በ1867 የገለጠው ሲሞን ሽዌንደነር የተባለ የስዊስ ሊቅ ሲሆን፥ የዘመኑ የላይከን አዋቂዎች ብዙዎቹ ቃሉን አልተቀበሉትም ነበር። ሦስት ዓይነት መልክ አለው። አንዱ በድንጋይ ላይ እንደ ቀለም የተለቀለቀ የሚመስል ነው፤ ሁለተኛው ጠርዙ እንደ ቅጠል የሚነሣ ነው፤ ሦስተኛው እንደ ሽማግሌ ጢም ከቅርንጫፍ የሚንጠለጠል ነው። በኬሚስትሪ ላቦራቶሪ አሲድና ቤዝ የምንለይበት ሊትመስ የተባለው ቀለም እንኳ ከላይከን የሚወጣ ነው። በድንጋይ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት እጅግ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ብዙ አለ። በአንኮበር መንገድ ዳር በድንጋይ አጥር ላይ መዳፍ የሚያህል ክብ ያየ ሰው፥ ያ ክብ ከአያቱ ሊበልጥ እንደሚችል ይወቅ።

አገራችን ለላይከን የተመቸ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ከዚያ ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደጋው በአንድ ጊዜ ይቆረጥና ገደሉ ወደ ቆላው ይወርዳል። አንኮበርም ጣርማ በርም በዚህ ጠርዝ ላይ ናቸው። ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን የሚወጣው ጉም ዛፉንና ድንጋዩን ያረጥባል። በወፍ ዋሻ ደን ጥዱ፥ ዝግባው፥ ኮሶው፥ ወይራውና አስታው የሚለብሱት ሽበት ከዚህ ጉም የተነሣ ነው። ጉም በሌለበት ቀን ላይከኑ ደርቆ ይተኛል፤ ጉም ሲመጣ ነቅቶ ይለመልማል። አባጨጓሬውም ከእርሱ ጋር ይነቃል።

አሁን ወደ መለየቱ እንምጣ።

እነዚህ የእሳት ራቶች በሊቃውንት አጠራር ሊቶሲኒ ይባላሉ። በዓለም ላይ ከሦስት ሺህ በላይ ዓይነቶች ተሰይመዋል። በቀድሞ መጻሕፍት አርክቲዴ በተባለ ቤተሰብ ውስጥ ተጽፈው ታገኙአቸዋላችሁ፤ ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ግን የዘር ቅንጣት ምርመራ ዝምድናቸውን ስለ ገለጠ ኤሬቢዴ ወደሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ተዛውረዋል። ስለዚህ በቤተ መጻሕፍታችን ሁለት መጽሐፍ ሁለት ስም ቢሰጣችሁ አትደናገጡ።

ወላጁን ለመለየት ከሁሉ አስቀድሞ አቀማመጡን ማየት ነው። ብዙዎቹ ሲያርፉ ጠባቡን የፊት ክንፋቸውን በጀርባቸው ላይ ይደራርቡታል፤ አንዳንዶቹም በሰውነታቸው ዙሪያ ይጠቀልሉታል። በብርድ ጧት ጋቢውን ተከናንቦ ከግድግዳ ሥር ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ትመስላላችሁ ብንላቸው ልክ ነው። የኋላው ክንፍ ሰፊና ፈዘዝ ያለ ሲሆን፥ ከፊተኛው ሥር እንደ ማራገቢያ ታጥፎ ይሰወራል። ቀለማቸው አመድማ፥ ወይም የገለባ ዓይነት ቢጫ፥ ወይም አመድማ ሆኖ ጠርዙ ቢጫ ነው። ሲያና የተባለው ወገን ግን ነጭ ሆኖ በቀይ መስመር ያጌጠ ነው፤ ይህን አንድ ጊዜ በማሾ ብርሃን ያየ ሰው አይረሳውም። ቀጥሎ ማጉያ መነጽር አንሥቶ ራሱን መመልከት ነው። ብዙ የእሳት ራቶች ከሁለቱ ታላላቅ ዓይኖቻቸው ሌላ ከአንቴናው ሥር ሁለት ጥቃቅን ነጠላ ዓይኖች አሏቸው፤ ሊቶሲኒዎች ግን እነዚህ የሏቸውም። ይህ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ሌሎችም የሌሏቸው አሉና። ከአቀማመጡና ከክንፉ ቅርጽ ጋር ሲደመር ግን ጥሩ ምስክር ነው።

ከዚህ በላይ፥ ማለት አመድማውን ከአመድማው ለመለየት፥ ዓይን አይበቃም። ሁብነር የተባለው ጀርመናዊ በ1819 ኢሌማ ብሎ በሰየመው ወገን ውስጥ እርስ በርሳቸው እንደ መንትያ የሚመሳሰሉ ብዙ ዓይነቶች ተከማችተው ነበር፤ ሊቃውንቱም እስከ ዛሬ እየከፋፈሉት ናቸው። እነርሱን ለመለየት የሞተውን ፍጥረት የሆድ ጫፍ በኬሚካል አለስልሶ የመራቢያ አካሉን በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል። እኛም በማስታወሻ ደብተራችን ላይ «አመድማ፥ ጠርዙ ቢጫ፥ ኢሌማ የሚመስል» ብለን ጽፈን እናቆማለን። ከሚያውቁት በላይ ስም መስጠት ስም አለመስጠትን ያህል እንኳ አይጠቅምም።

አባጨጓሬውን መለየት ይበልጥ ያስደስታል፤ ብዙ ሰው ግን ይህን ክፍል ይፈራዋል። ልጆች ሳለን «አባጨጓሬ እንዳትነኩ፥ ያሳክካችኋል» ተብለን ያደግን ነን። ምክሩ መጥፎ አይደለም። በዛፍ ግንድ ላይ ከሚውሉት ፀጉራሞች መካከል ቆዳ የሚያቃጥሉ አሉ፤ ስለዚህ በባዶ እጅ ሳይሆን በላባ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ማንሣት ነው። የላይከን በሊው አባጨጓሬ ግን ከትልልቆቹ ፀጉራሞች ያነሰና የቀጠነ ነው። ፀጉሩ በመላው ሰውነቱ ላይ እንደ ሱፍ የተበተነ ሳይሆን፥ ከትናንሽ ኪንታሮት መሰል ጉብታዎች በየእቅፉ የሚበቅል ነው። መልኩ ጥቁር ወይም ጥቁር አመድማ ሆኖ ብዙ ጊዜ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ነጠብጣብ አለበት። ቀን በቅርፊቱ ስንጥቅ ወይም በድንጋይ ሥር ተሸሽጎ ይውላል፤ የሚሰማራው ሌሊት ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው መንጋጋው ነው። የቅጠል በሊ አባጨጓሬ መንጋጋ እንደ መቀስ ይቆርጣል፤ የእነዚህ መንጋጋ ግን ከመቁረጫው በስተ ውስጥ ምግቡን የሚፈጭ ጉብታ አለው። መጅና ወፍጮ በአፉ ይዞ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለው መንጋጋ የመላው ወገን መታወቂያ ነው።

ግንዱን ስትመረምሩ ሌሎችም እንግዶች ይገጥሟችኋል። መልኩ ራሱ ላይከን የሚመስል፥ ሲሄድ ግን ስንዝር እንደሚለካ ሰው ወገቡን ወደ ላይ እያጠፈ የሚራመድ ቢሆን፥ እርሱ ከሌላ ቤተሰብ ነው። ከሆዱ በታች ያሉትን የውሸት እግሮች ቁጠሩ፤ ስንዝር ለካዩ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጥንድ ብቻ ሲኖረው የእኛው አምስት ጥንድ አለው። ከሐርና ከላይከን ስብርባሪ የተሠራ ከረጢት ተሸክሞ የሚሄድ ካያችሁ ደግሞ፥ እርሱም ምንም እንኳ ላይከን የሚበላ ዓይነት ቢኖረው፥ ከሌላ ወገን የመጣ ነው።

ስለ ተምች ግን ጥቂት ቆም ብለን እንናገር፤ ነገሩ ጨዋታ አይደለምና። ተምችም የእሳት ራት ልጅ ነው። የተምችን ጥፋት ያየ ገበሬ አባጨጓሬ ሁሉ ጠላት ቢመስለው አይፈረድበትም። በተለይ በ2017 የአሜሪካ መጤ ተምች ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በቆሎውን ካጠቃ ወዲህ ፍርሃቱ ጨምሯል። ባለፈው ክረምት አንድ አርሶ አደር ከአጥራቸው ድንጋይ ሥር ያገኟቸውን ፀጉራም አባጨጓሬዎች ለማቃጠል ጭድ ሲሰበስቡ ደረስን። «አባባ፥ እስቲ አንድ ጊዜ ይመልከቱልን» ብለን አንዱን ከእሳቸው የገብስ ቅጠል ጋር፥ ሌላውን ሽበት ከለበሰ ድንጋይ ጋር በሁለት ብርጭቆ አስቀመጥን። በማግሥቱ ጧት ገብሱ እንደ ነበረ ነው፤ በድንጋዩ ላይ ግን የተፋቀ መንገድ ታየ፥ በሥሩም ጥቃቅን ኩስ ወድቋል። እሳቸውም ለረዥም ጊዜ ተመለከቱና፥ «እንግዲህ ድንጋይ ለሚልስ ምን አደርገዋለሁ፤ ይላስ» አሉ። ተምች ሰውነቱ ለስላሳ፥ በጎንና በጎኑ ርዝመቱን የተከተለ መስመር ያለበት፥ በሣርና በእህል ላይ በመንጋ የሚሰማራ ነው። ፀጉራም ሆኖ በድንጋይ ላይ ብቻውን የሚገኘውን ከእርሱ ጋር መደባለቅ አያስፈልግም፤ መድኃኒትም መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ደግሞ ያልተሠራ ያልነው ሥራ ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ጥቂት ታሪክ ማንሣት ግድ ይሆናል።

አንኮበር በሥነ ፍጥረት ተመራማሪዎች ዘንድ ያልታወቀች አገር አይደለችም። ካፒቴን ሐሪስ በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የእንግሊዝን መልእክተኞች መርቶ ሲመጣ፥ ዶክተር ሮት የተባለ የሥነ ፍጥረት አዋቂ አብሮት ነበር። በ1876 ደግሞ ማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የኢጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ጓድ መርቶ ሸዋ ደረሰ። ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ከአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ በተባለው ስፍራ መሬት ሰጡት። አንቲኖሪ በዚያ ወፉንም፥ አውሬውንም፥ ነፍሳቱንም ሲሰበስብ ኖረ፤ በነሐሴ ወር 1882 እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ጓዱ የሰበሰበው ወደ ጄኖቫ ሙዚየም ተላከ። ከሸዋ የሄዱትን ቢራቢሮዎችና የእሳት ራቶች የመረመራቸው ሻርል ኦበርቱር የሚባል ፈረንሳዊ ሲሆን፥ በሙዚየሙ የዓመት መጽሔት ላይ በ1880 እና በ1883 ጽፎ አወጣቸው። እንዲህ ሆኖ የአንኮበር ሌሊት ፍጥረቶች፥ በሕይወታቸው ጊዜ በማያውቋት አገር፥ በመርፌ ተወግተው ስም ተቀበሉ።

ይህን ስንል ለወቀሳ አይደለም። አንቲኖሪ በዚያ ዘመን መንገድ የሠራው ሥራ የሚከበር ነው፤ እርሱ ባይሰበስበው ኖሮ ዛሬ የምናነጻጽርበት ባልኖረን ነበር። ነገር ግን በመርፌ የተወጋ የእሳት ራት ስለ ክንፉ እንጂ ስለ ልጅነቱ አይናገርም። ምን እንደ በላ፥ አባጨጓሬው ምን እንደሚመስል፥ በየትኛው ወር እንደሚፈለፈል ከሙዚየም መሳቢያ ውስጥ አይገኝም። አባጨጓሬና ወላጅ አንድ መሆናቸው የሚታወቅበት የቆየው መንገድ አንድ ነው፤ አባጨጓሬውን አግኝቶ፥ መግቦ አሳድጎ፥ ከክንፉ ጋር እስኪወጣ መጠበቅ። ዛሬ በዘር ቅንጣት ምርመራም ሁለቱን ማገናኘት ይቻላል፤ እርሱም ቢሆን አባጨጓሬውን በመጀመሪያ ከድንጋዩ ላይ የሚያነሣው ሰው ይፈልጋል። ጠባቂው ደግሞ ከበልግ እስከ ክረምት፥ ከክረምት እስከ ጥቅምት እዚያው የሚገኝ መሆን አለበት። በአንድ ወቅት የሚያልፍ እንግዳ ይህን አያደርገውም።

«ከመቶ ዓመት በላይ ሲመረመር በኖረ አገር ምን ይቀራል?» የሚል ቢኖር፥ የአንኮበርን ወፍ ታሪክ እንነግረዋለን። በገደሉ አፋፍ በመንጋ የምትበርረው፥ ዛሬ በዓለም የወፍ መጻሕፍት በአንኮበር ስም የምትጠራው ትንሽ ቡናማ ወፍ ለሳይንስ የታወቀችው በ1976 ነው፤ የተሰየመችውም በ1979። ሮት አልፏታል፥ አንቲኖሪም ኖሮባታል፤ ሁለቱም ስሟን ሳያወጡ ሄዱ። ወፍ፥ ያውም በቀን የምትበርር፥ ይህን ያህል ዘመን ከተሰወረች፥ ሌሊት ድንጋይ የሚፍቅ አባጨጓሬ ቢሰወር ያስደንቃልን?

የማሳደጉን ሥራ በሚመለከት የተማርነውን እናካፍላችሁ። ሰፊ አፍ ያለው ብርጭቆ በቂ ነው። በክዳን ፈንታ በሻሽ ሸፍኖ በክር ማሰር ነው፤ አየር ካልገባ ሻጋታ ይገባል። አባጨጓሬው የተገኘበትን ድንጋይ ወይም የወደቀ ቅርንጫፍ አብሮ ማምጣት ያስፈልጋል፤ ከቆመ ዛፍ ላይ ቅርፊት መላጥ ግን በእኛ ዘንድ ክልክል ነው። ዋናው ምሥጢር ውኃው ነው። ደረቅ ላይከን እንደ ደረቀ ዳቦ ነው፤ ስለዚህ በየማታው የዝናብ ወይም የምንጭ ውኃ በጣት ጫፍ ረጨት ማድረግ ይገባል። ብርጭቆው እስኪያላብ ድረስ የረጨ ሰው ግን በሳምንቱ ሻጋታ ያገኛል። በየብርጭቆው ላይ የተገኘበት ቀን፥ ቦታ፥ የዛፉ ዓይነት ወይም ድንጋይ መሆኑ፥ ከፍታውም ይጻፍ። ቀን የሌለው የእሳት ራት አድራሻ እንደሌለው ደብዳቤ ነው።

ባለፈው ክረምት እንዲህ አድርገን ካሳደግናቸው ጥቂት አባጨጓሬዎች ሁለቱ አመድማ፥ ጠርዛቸው ቢጫ የሆነ የእሳት ራት ሆነው ወጡ። አንዱ ግን ፑፓ ከሆነ በኋላ የእሳት ራት ሳይሆን ዝንብ ወጣበት። ይህ ዝንብ ልጆቹን በሌላው ሰውነት ውስጥ የሚያሳድግ ነው፤ ውስጥ ውስጡን በልተው ጨርሰውት ነበር። መጀመሪያ አዘንን፤ ቀጥሎ ግን ዝንቡንም ከባዶው ቅርፊት ጋር በመርፌ አቆምነው፥ እርሱም የዚህ አገር ታሪክ ክፍል ነውና። የሁለቱ የእሳት ራቶች አባጨጓሬ ፎቶግራፍ፥ የለወጡት ቆዳና ራሳቸው በአንድ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። በትልቅ ላቦራቶሪ ዓይን ትንሽ ነገር ነው። ቢሆንም ልጅና ወላጅ ተገናኝተው የተቀመጡበት ሳጥን ነው።

የላይከኑን መራራነት ደግሞ ሳናነሣ ማለፍ አንወድም። ላይከኖች እንዳይበሉ የሚያደርጓቸውን ልዩ ልዩ አሲዶች በሰውነታቸው ውስጥ ይሠራሉ። አባጨጓሬዎቹ ግን ይህን አልፈው ይበላሉ፤ ከዚያም በላይ አንዳንዶቹ ከላይከን የወሰዱትን ቅመም በሰውነታቸው ውስጥ አስቀምጠው ወላጅ እስኪሆኑ ድረስ ይይዙታል። የእነዚህ የእሳት ራቶች ብዙ ዘመዶች የሌሊት ወፍ ሲመጣባቸው በደረታቸው ጎን ባለች ትንሽ ከበሮ የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ያሰማሉ፤ «አትብላኝ፥ አልጣፍጥም» እንደ ማለት ነው።

የቀረው ነገር የሚያሳዝን ነው። ስሙን በማንጠራው በአንድ ግቢ ውስጥ እጅግ ያረጁ ጥዶች አሉ። ከበዓል በፊት ግቢው ይጽዳ ተብሎ፥ ሰው በሚደርስበት ከፍታ ድረስ ሽበታቸው ሁሉ በብረት ተፋቀ፤ ከዚያም ግንዳቸው ኖራ ተቀባ። ሥራውን የሠሩትን አባት ጠየቅናቸው። «ልጆቼ፥ ሽበቱ ዛፉን እየጠጣው እኮ ነው» አሉን። ይህ እምነት በብዙ ሰው ዘንድ አለ፤ ምክንያትም አያጣም፥ በሚደርቅ ዛፍ ላይ ሽበት ሲበዛ ይታያልና። ነገሩ ግን ግልብጥ ነው። ዛፉ ሲታመም ቅጠሉ ይሳሳል፥ ብርሃን ወደ ግንዱ ይገባል፥ ላይከኑም ብርሃን አግኝቶ ይበዛል። ላይከን ምግቡን የሚያገኘው ከብርሃን፥ ከአየርና ከዝናብ ነው፤ ከዛፉ የሚጠጣው የለም። ዛፉ ለእርሱ መቀመጫ ብቻ ነው። በአንድ ቀን የተፋቀውን ለመመለስ ብዙ ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ከፍቃቂው ጋር የተጠረገው አባጨጓሬ ደግሞ አይቆጠርም።

ባሕር ዛፍም ሌላ ጥያቄ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1890ዎቹ፥ ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ወዲህ ደጋውን አልብሶታል፤ ደብረ ብርሃንም በእርሱ የተከበበች ናት። ነጩ ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን በየጊዜው እየላጠ ስለሚጥል ላይከን ተረጋግቶ የሚያድግበት ስፍራ አያገኝም። እኛ ባሕር ዛፍን አንወቅስም። ምድጃችን የሚነደው፥ ቤታችንም የቆመው በእርሱ ነው፤ እርሱ ባይኖር መጥረቢያው ወደ ወፍ ዋሻ ጥድ በዞረ ነበር። ነገር ግን ከሩቅ አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ ኮረብታ ሁሉ ደን እንዳይመስለን ያስፈልጋል፤ አንድ አሮጌ ወይራ የሚያስተናግደውን ያህል እንግዳ አንድ መቶ ወጣት ባሕር ዛፍ አያስተናግድም ብለን እናምናለን።

ሦስተኛው የአየር ነገር ነው። ኒላንደር የተባለ የፊንላንድ ሊቅ በ1866 በፓሪስ ከተማ ላይከን እየጠፋ፥ በሉክሳምቡር አትክልት ስፍራ ግን እንዳለ ተመልክቶ፥ ላይከን የአየር ንጽሕና መለኪያ ነው ብሎ ጻፈ። ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው የድኝ ጢስ ላይከንን በቶሎ ይገድላል። በብሪታንያ ይህ ጢስ እየቀነሰ ከሄደ ወዲህ ላይከኑ ተመልሷል፤ ከ1970ዎቹ ወዲህም ከላይከን በሊ የእሳት ራቶች መካከል ብዙዎቹ በቁጥር ጨምረዋል። ሊቃውንቱ ለዚህ ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የአየሩ መጥራት ነው። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ብቻ የሚታወቅባት ከተማ መሆኗ ቀርቶ፥ ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ እየተጨመረላት ነው። ሥራ ለሚፈልግ ወጣት ይህ መልካም ዜና ነው፥ እኛም ነገ ከዚያ ደጃፍ የምንቆም ነን። ስለዚህም ነው ከመሐል ከተማ ጀምሮ እስከ አንኮበር ድረስ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ አንድ የድንጋይ አጥርና አንድ አሮጌ ዛፍ መርጠን፥ የላይከኑን ስፋት በክር ለክተን፥ የአባጨጓሬውን ቁጥር መጻፍ የጀመርነው። ገና የመጀመሪያው ዓመት ነው። መለካቱ ዋጋ የሚያገኘው እኛ ከተመረቅን በኋላ የሚቀጥለው ካለ ብቻ ነው፤ ደብተሩም በክበቡ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው ለዚሁ ነው።

ከእናንተ የምንፈልገው ጥቂት ነው። ሲያና ያልነው የነጭና የቀይ ወገን አባጨጓሬ ፑፓ በሚሆንበት ጊዜ ረዥም ፀጉሩን ከሰውነቱ ነቅሎ፥ በሐር እያያያዘ፥ የወፍ ቀፎ የሚመስል ወንፊት ቤት ይሠራል፤ ከዚያም በመካከሉ ተንጠልጥሎ ይተኛል። ይህ ወገን በአፍሪካም በእስያም ይገኛል። ቤቱ ባለቤቱ ከሄደ በኋላም ተለጥፎ ስለሚቆይ ለማግኘት ሌሊት መውጣት አያስፈልግም። በድንጋይ ሥር፥ በግንድ ላይ ወይም በቤታችሁ ክዳን ሥር የጣት አንጓ የምታህል የፀጉር ቀፎ ያያችሁ እንደ ሆነ፥ ሳትነቅሉ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ቦታውን ጽፋችሁ ስጡን። ለእረፍት ወደ መንዝ፥ ወደ ተጉለት፥ ወደ ይፋትና ወደ ቡልጋ የምትሄዱ በተለይ አደራ።

የሚቀጥለው የሌሊት ጉዟችን በሚመጣው ቅዳሜ ነው። ጨረቃ ዘግይታ ስለምትወጣ ለማሾው ብርሃን የተመቸ ሌሊት ይሆናል። የሚዘረጋ ነጭ ነጠላ አለን፤ ማሾም አንድ አለን፥ ሁለተኛ የሚያውሰን ቢገኝ እናመሰግናለን። ብርጭቆ፥ ሻሽና እርሳስ እያንዳንዱ ይዞ ይምጣ። የምንነሣው በዘጠኝ ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ነው። ጋቢ መያዝ እንዳይረሳ፤ አፋፉ ላይ ከመሸ በኋላ ያለው ብርድ የደብረ ብርሃንን ብርድ ያስንቃል።